አየር ማጣሪያው እየሠራ ቤቱ ለምን ጭስ ጭስ ይላል?

በጎጃም የአየር ማጣሪያ ጥገና ወቅት አለው። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሲታጠን ያመሸ ሰው በ13ኛው ቀን መሣሪያውን አቅፎ ባሕር ዳር ወዳለችው ጠባብ ሱቄ ይመጣል። ከጥር በኋላ ደግሞ ለእርሻ የሚዘጋጅ መሬት ሲቃጠል፣ በየተራራው ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ እሳት ሲይዝ፣ በአዊ በኩልም ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዛፍ የሚከሰል የከሰል ክምር ቀንና ሌሊት ሲጨስ ሥራዬ ይበዛል። ሶኬቱ መሰካቱንና ክዳኑ በትክክል መገጠሙን አንባቢ አስቀድሞ እንዳየ ቆጥሬ እቀጥላለሁ።

መሣሪያው ይሠራል፣ ጭሱ ግን አይቀንስም

ወደ እኔ ከሚመጡት መሣሪያዎች የሚበዙት በዚህ ምክንያት የሚመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም አልተበላሹም።

መጀመሪያ የምመለከተው ፊልተሩ ከላስቲኩ መውጣቱን ነው። ፋብሪካው እርጥበት እንዳያገኘው ፊልተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ መሣሪያው ውስጥ እንዳለ ይልከዋል፤ ገዢው ደግሞ የኋላ ክዳኑን ሳይከፍት ይሰካዋል። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጥቂት ነፋስም ይወጣል፤ የሚጣራ አየር ግን የለም። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸውን መሣሪያ «ጭሱን አልችል አለ» ብለው ከሞጣ ድረስ አመጡልኝ። ክዳኑን ከፍቼ «እትዬ፣ ይህ ላስቲክ እኮ መውጣት ነበረበት» ብላቸው፣ «ኧረ አይቸዋለሁ ልጄ፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው የተውሁት» አሉኝ። የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልለን አሥር ዓመት የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ልፈርድባቸው አልቻልሁም፤ ነገር ግን የፊልተር ሥራው መቆሸሽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ የሚያስቆጣኝም እርሱ ነው፣ የታጠበ ፊልተር ነው። አንድ የፔንሲዮን ባለቤት የስድስት ክፍል ፊልተር በአንድ ቀን በዱቄት ሳሙና አሳጥቦ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ፣ «እንደ አዲስ አደረግኋቸው» ብሎ በኩራት አሳየኝ። በእርግጥ እንደ ጥምቀት ነጠላ ነጭ ሆነዋል፤ እጥፋቶቻቸው ግን እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ከውስጥ ሻጋታ ሸተዋል። ሄፓ የሚባለው ፊልተር 0.3 ማይክሮሜትር ስፋት ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን እንዲይዝ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ይህን የሚችለውም እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ክሮቹ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ብናኝን የሚስብ የኤሌክትሪክ ሙል አለ። ውሃና ሳሙና ክሮቹን ያዛባሉ፣ ይህንኑ የኤሌክትሪክ ሙልም ያጠፉታል። ስለዚህ የታጠበ ፊልተር ለዓይን ንጹሕ ይመስላል እንጂ የጭስን ደቃቅ ብናኝ እንደ ቀድሞው አይዝም። የሚታጠበው ከፊት ሆኖ ፀጉርና አቧራ የሚይዘው ወንፊት ብቻ ነው፤ እርሱም ፈጽሞ ደርቆ ይመለስ። ሄፓውን አይጠቡ፣ በብሩሽ አይፈትጉ፣ ከግድግዳ ጋር እያጋጩም አያራግፉ። በመመሪያ ወረቀቱ ላይ «ይታጠባል» የሚል ግልጽ ጽሑፍ ከሌለ በስተቀር መፍትሔው አዲስ መግዛት ነው።

አዲሱም ቢሆን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። «ለሁሉም ይሆናል» እየተባሉ የሚሸጡት ርካሽ ፊልተሮች ጠርዛቸው ላይ ስፖንጅ የላቸውም፤ በፍሬሙና በፊልተሩ መካከል የእርሳስ ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይቀራል፣ አየሩም በወረቀቱ ውስጥ ከመጨናነቅ ይልቅ በዚያ ሾልኮ ያልፋል። ሁለት ወር የሠራ ፊልተር አውጥተው ይመልከቱ፤ ፊቱ ነጣ ብሎ ጠርዙ ዙሪያ ጥቁር መስመር ከተሠራ ጭሱ ያለፈው በጎን ነው። በርና መስኮት ላይ የሚለጠፈውን የስፖንጅ ማጣበቂያ በአራቱም ጠርዝ ቢለጥፉበት ክፍተቱ ይደፈናል። ይህ የሻጭ ሥራ መሆን የነበረበት ቢሆንም ዛሬ የጠጋኝ ሆኗል።

ሦስቱም ካልሆኑ ጥፋቱ ያለው በስሌቱ ላይ ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነና 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 45 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አየር ይይዛል፤ ይህ አየር በሰዓት 5 ጊዜ እንዲጣራ ከተፈለገ መሣሪያው በሰዓት 225 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ንጹሕ አየር መስጠት አለበት። ጀርባው ላይ የተጻፈው በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ ከሆነ ቁጥሩን በ1.7 ያባዙት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ግን ጭሱን በጣሪያው ክፍተት እንደገና ስለሚያስገባ ይህ ስሌት አይሠራለትም። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው አንዲት መኝታ ክፍል መርጦ፣ ክፍተቶቿን ደፍኖ፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ዘግቶ፣ መሣሪያውን ከግድግዳ ጥቂት ራቅ አድርጎ እዚያው ያሠራው። እርጥብ ነጠላ መስኮት ላይ መስቀል አመድ ይይዛል እንጂ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን ደቃቅ ብናኝ አያስቀርም።

ቀዩ መብራት አይጠፋም፣ ወይም በጭስ መካከል አረንጓዴ ይበራል

የአየሩን ንጽሕና እየለካ መብራቱን የሚቀያይረው ሴንሰር ቆሽሿል። በጎን በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተው፣ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ ሌንሱን በደረቅ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉ፤ አልኮልም ውሃም አይንኩት። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ቀይ ቢበራ ግን ብልሽት አይደለም።

ብናኙ ቀንሶ ሽታው ቀረ

ሽታን የሚይዘው ሄፓው ሳይሆን የነቃ ካርቦን ያለው ሽፋን ነው፤ እርሱም ሲጠግብ ይለወጣል። መሣሪያው የአዮን፣ ማለትም አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞላ፣ ቁልፍ ካለው ያጥፉት፤ አንዳንዱ ኦዞን ያመነጫል፣ ኦዞንም ጉሮሮ ያቆስላል።

ድምፁ ይንቋረራል

ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር ያውጡ፤ ካልተሻለው ኩሽኔታው አልቋል።

ጨርሶ አይበራም

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ከሆነ ጀርባውን ሳያነቡ አይሰኩ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን በአገራችን 220 ቮልት ላይ የሰካ ሰው የሚያተርፈው «ጧ» የሚል ድምፅና የተቃጠለ ሽታ ነው። ዕድል ከቀናው ፊውዙና ቫሪስተሩ (ቮልት ሲበዛ ቦርዱን የሚከላከለው ክፍል) ተለውጠው ይድናል፤ ካልቀናው ቦርዱ በሙሉ ይሄዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚገዛው የሶኬት መለወጫ የመሰኪያውን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም፤ ይህን ለስንት ሰው እንደ ነገርሁ አላስታውስም። የሚያስፈልገው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። የትኛውም መሣሪያ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ይነቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ቆይቶ ይሰካ።

ጭስ አይታይም፣ ሽታም የለም፤ ሰው ግን ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል

ለዚህ መሣሪያውን ወደ እኔ ማምጣት አያስፈልግም። ጭስ እንዳይገባ በርና መስኮቱን ደፍነው፣ የደጋው ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ቤተሰቦች አሉ፤ «ማጣሪያው አለ» ብለውም ይተኛሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ሄፓውም የነቃ ካርቦኑ ሽፋንም አይዙትም፣ ይገድላልም። በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ ያውጡ፣ ምድጃውን ያርቁ፤ ራሱን የሳተ ወይም የተዝለፈለፈ ካለ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።