«ዲቫውት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንልመደው?

አንድ ጊዜ የሥራ ማመልከቻዬ ላይ «ዲቫውት ሠራተኛ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬን ወዳድ ማለቴ ነበር። ያሳየሁት ጓደኛዬ ሳቀና «የሚቀጥሩህ ለቅዳሴ ነው እንዴ?» አለኝ። እናንተም እንዳትሸወዱ ቃሉን ከሥሩ እንያዘው።

መጀመሪያ ድምፁ። «ዲ» የሚለውን ቀለል አድርጉና «ቫውት» ላይ ጫን በሉ። ኳስ የሚያይ ሰው አይቸገርም፤ መጨረሻው «ኳሱ አውት ወጣ» ስንል የምንለው «አውት» ራሱ ነው። ፊደሎቹ፦ ዲ፣ ኢ፣ ቪ፣ ኦ፣ ዩ፣ ቲ።

ቀጥሎ ትርጉሙ። «ሃይማኖተኛ» ቢባል ያስኬዳል፤ ግን ትንሽ ይሳሳል። ለበዓል ብቻ ነጠላ የሚያጣፋ ሰው ዲቫውት አይባልም። ሌሊት ለኪዳን የምትገሰግስ፣ ፍልሰታን ጥሬ ቆርጥማ የምትጾም አያት ግን ትባላለች። አምስቱን ሰላት የማያስታጉሉ ጎረቤትም እንዲሁ። ቃሉ ሃይማኖት አይመርጥም።

አሁን ሥሩ ጋ እንሂድ፤ እኔ ቃሉን ያልረሳሁት በዚህ ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ ላቲን ነው። የላቲኑ ግሥ «ዴቮቬሬ» ይባላል፤ ተስሎ መስጠት ማለት ነው። ስለት በሉት! ታኅሣሥ 19 ስለቱ ሠምሮለት ጥላ ይዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣውን ሰው አስቡ። ዳገቱን የሚያስወጣው የገባው ቃል ነው። በምርጫ ጊዜ የምንሰማው «ቮት» እንኳ ከዚሁ ዘር ነው፤ ማን ያስበዋል?

እኔን ያሳሳተኝ ወንድሙ «ዲቮትድ» ነው። ሚስቱን ከልቡ የሚወድ ባል ዲቮትድ ነው፤ ዲቫውት ካላችሁት ጸሎተኛ ይሆናል። አልፎ አልፎ ዲቫውትን ከሃይማኖት ውጭም ይጠቀሙበታል፤ ለጀማሪ ግን እሱ ይቆይ።

በመጨረሻ፣ ስለምታውቋቸው ሰዎች ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሩን ሳታዩ ድገሙት። የኔ የመጀመሪያው «ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ኤ ዲቫውት ክሪስቺያን» የሚል ነበር። አያቴ «ምን አልክ ስለኔ?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። «ወይ አንተ!» አለች፣ «እኔ ምኑን ጾምኩት?»