የፋንታሲ ላይት ኖቬልን ወደ ማንጋ እንዴት መቀየር ይቻላል፦ በሥራው የሚገኘውና የሚታጣው

ላይት ኖቬል በጃፓን በዋናነት ለወጣት አንባቢ የሚጻፍ፣ በመሐሉ ጥቂት ሥዕሎች የሚገቡበትና በተከታታይ ቅጾች የሚወጣ ልቦለድ ነው። ከእነዚህ መካከል የተወደዱት፣ በተለይም በምናባዊ ዓለም የሚካሄዱት የፋንታሲ ታሪኮቹ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማንጋ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች ወደሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ ይቀየራሉ። ማንጋ የሚታየውን ነገር አጉልቶ ያወጣል፤ ባለታሪኩ በልቡ ለሚያወጣውና ለሚያወርደው ሐሳብ ግን ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሚተርፍና የትኛው እንደሚቀር ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት።

ለማሳያ የደራሲ ሚያ ካዙኪን ላይት ኖቬል «ሆንዙኪ ኖ ጌኮኩጆ» እንውሰድ። መጀመሪያ በኢንተርኔት በነፃ የወጣው ይህ ድርሰት፣ ዋናው ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2023 በ33 ቅጾች ታትሟል። መጻሕፍት አብዝታ የምትወድ ጃፓናዊት ከሞተች በኋላ፣ መጽሐፍ የመኳንንት ብቻ በሆነበት ዓለም ማይን በምትባል በሽተኛ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ትነቃለች፤ የምታነበው ስታጣም መጽሐፍ ራሷ ልትሠራ ትነሣለች።

1. ፈቃድ ያግኙ። ድርሰትን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው።

2. መጽሐፉን በሙሉ አንብበው የሚታየውን፣ የሚነገረውንና የሚታሰበውን ለይተው ያስምሩ። ይህ እርምጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይገባዋል፤ የማንጋው ብርታትም ድካምም ቀድሞ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነውና። ማይን መጀመሪያ የሣር ክሮችን ለመሸመን ትሞክራለች፣ ቀጥላ በሸክላና በእንጨት ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ትደክማለች፣ በመጨረሻም ከዛፍ ልጥ ወረቀት ወደ መሥራት ትደርሳለች። ልጡ ሲቀቀል፣ ሲላጥ፣ ሲደበደብና ሲደርቅ በቃላት ብቻ ሲነገር፣ ሥራውን አይቶ የማያውቅ አንባቢ በዓይነ ሕሊናው ለመሣል ይቸገራል፤ ጥቂት ክፈፎች (በገጹ ላይ በመስመር የታጠሩ ሥዕሎች) ግን ሁሉንም ያስረዱታል። በታሪኩ ዓለም መጻሕፍት የሚጻፉት በብራና ላይ ስለሆነ፣ ይህን የእኛ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፦ ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ ያየ ሰው፣ አንድ እይታ ስንት አንቀጽ እንደሚተካ ያውቃል። እንዲህ ያሉ የእጅ ሥራ ትዕይንቶችን አያሳጥሩ፤ እንዲያውም ገጽ ይጨምሩላቸው።

3. የባለታሪኩን ውስጣዊ ድምፅ ይመጥኑ። ልቦለዱን በአብዛኛው የምትተርከው ማይን ራሷ ናት፤ ድምፅዋም የአዋቂ ሴት ድምፅ ስለሆነ፣ የምናነበው ሰው ሕፃን መሆኗን እስከ መርሳት እንደርሳለን። ማንጋው ይህን አይፈቅድም። ትንሿ ሰውነት፣ የገረጣው ፊት፣ ደረጃ ለመውጣት የሚያቅተው እግር በየክፈፉ ይታያል፤ ቤተሰቧ ስለ ምን እንደሚጨነቅም ያለ ማብራሪያ ይገባናል። ይህ በእኔ እምነት ሥዕሉ ልቦለዱን የሚበልጥበት ትልቁ ነጥብ ነው። በአንጻሩ ስለ ቀድሞ ሕይወቷ፣ ስለ ዋጋና ስለ ውል የምታሰላስለው ረጅም ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ሊገባ አይችልም፤ ቢገባም ገጹን በፊደል ይሞላዋል። ስለዚህ ፊቷ ከሐሳቧ ጋር በሚጋጭበት ቦታ ብቻ ሐሳቧን ይጻፉ፤ ሌላውን ለፊቷ ይተዉት።

4. ዓለሙን አስቀድመው ይንደፉ። ደራሲው ከተማው ቆሻሻ መሆኑን አንድ ጊዜ ከተናገረ ይበቃዋል፤ ሠዓሊው ግን በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሊያሳየው ይገደዳል። የከተማውን ካርታ፣ የቤቱን ክፍሎች፣ የድሃውንና የነጋዴውን ልብስ በተለየ ወረቀት ይሣሉ። ልቦለዱ ላይ አስቀድሞ የተሣሉ ገጸ ባሕርያት ካሉ አንባቢ ስለሚያውቃቸው መልካቸውን ይጠብቁ፤ በሽፋን ላይ የሚያምር ጥልፍ ግን በመቶዎች ክፈፎች ላይ መደገም ስላለበት ያቅልሉት።

5. ርዝመቱን ያስሉ። የልቦለዱ የመጀመሪያ ክፍል 3 ቅጽ ሲሆን፣ ሱዙካ የምትባለው ሠዓሊ በማንጋ 7 ቅጽ አድርጋዋለች። በዚህ ስሌት 33ቱ ቅጾች ወደ 77 የማንጋ ቅጽ ይጠጋሉ። ሁለተኛው ክፍል ገና ሳያልቅ ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018፣ አራተኛው ደግሞ በ2020 ለሌሎች ሠዓሊዎች ተሰጥቶ ጎን ለጎን መውጣት ጀመረ። አንባቢው ረጅም ዘመን ከመጠበቅ ይድናል፤ ነገር ግን የሚወዳቸው ሰዎች መልክ ከእጅ ወደ እጅ ይለያያል፣ ማንጋውን ብቻ የሚከተል ሰውም በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ግራ ያጋባዋል። ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ የራሱ መቋጫ ያለውን አንድ ክፍል ይምረጡና እዚያ ላይ ለማቆም ይወስኑ።

6. ረቂቁን ያዘጋጁ። የጃፓን ሠዓሊዎች ኔም የሚሉት ይህ ረቂቅ፣ ክፈፎቹንና ንግግሮቹን በቀላል መስመር የያዘ ስለሆነ ስሕተትን ለማረም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፣ ጽሑፉም ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የንግግር ፊኛዎቹ (ንግግር የሚጻፍባቸው ክቦች) ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። በአማርኛ ሲሠሩ ክፈፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ያስከትሉ፤ ቃሎቻችን ብዙ ፊደል ስለሚይዙም ፊኛዎቹን ወደ ጎን ያስፉ።

7. ረቂቁን ልቦለዱን ላላነበበ ሰው ያሳዩ። ካነበበ በኋላ ማይንን የሚያሳምማት ትኩሳት ከምን እንደሚመጣና ወረቀቱ እንዴት እንደተሠራ በራሱ አነጋገር እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ስለ ወረቀቱ በትክክል ተናግሮ ስለ ትኩሳቱ ቢሳሳት፣ የተጣለው ሐሳብ ከሚገባው በላይ ነውና ወደ 3ኛው እርምጃ ተመልሰው ጥቂት መስመሮችን ይመልሱ።