ያገለገለ አይማክ ስትገዙ 2009ን ከ2011 እንዴት ትለያላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ አይማክ (ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ አካል የሆነው የአፕል ዴስክቶፕ) ካፈላለጋችሁ፣ የሚቀርብላችሁ ሁሉ "2011 ነው" ይባላል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) "2009 ነው" ብሎ የሚሸጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ለሠርግ ቪዲዮ ብዬ የገዛሁት ግን 2009 ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ከ2007 እስከ 2009 መጀመሪያ ያለው ነው፣ ስክሪኑም 20 ወይም 24 ኢንች ነው። ኤል ካፒታን ከሚባለው አሮጌ የማክ ሲስተም በላይ ስለማይጭን ለቪዲዮ ሥራ ከሆነ እለፉት።

ጀርባውም አልሙኒየም ከሆነና ስክሪኑ 21.5 ወይም 27 ኢንች ከሆነ ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ከ2009 መጨረሻ እስከ 2011 የወጡት ሦስቱ በመልክ አይለዩም። የሞዴል ቁጥራቸው ራሱ አንድ ነው፤ ትንሹ ኤ1311፣ ትልቁ ኤ1312። ስለዚህ ፎጣ ዘርግታችሁ በስክሪኑ ደፉትና የእግሩን ሥር አንብቡ። ጽሑፉ ደቃቅና ግራጫ ነው፤ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። "ኢኤምሲ" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። በትንሹ ላይ 2308 ካለ 2009፣ 2389 ካለ 2010፣ 2428 ካለ 2011 ነው።

እኔም ይህን አድርጌያለሁ። 2428 ይላል። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ ጭኜ ፔዳ አካባቢ ወዳለው ቤቴ ወሰድኩት። ስከፍተው ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ይላል! 2011 ላይ ኮር 2 ዱዎ የሚባል ነገር የለም። ለካስ እግሩ ከሌላ ማሽን ተፈትቶ የተገጠመ ነው።

ስለዚህ እግሩን ብቻ አትመኑ። አብሩትና ግራ ጥግ ላይ ካለችው የአፕል ምልክት "አባውት ዚስ ማክ" ውስጥ ግቡ። እዚያ ያለው ሲሪያል ቁጥር እግሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ አንድ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው። "መብራት የለም፣ ማብራት አልችልም" ከተባላችሁ መብራት ሲመጣ ተመለሱ። እስከዚያው ጀርባውን በስልክ መብራት እዩ፤ የስክሪን ገመድ የሚሰካበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። የሦስቱም ቀዳዳ ቅርጽ አንድ ነው፣ አጠገቡ ያለው ምልክት ግን ይለያል። የመብረቅ ምልክት ያለው 2011 ብቻ ነው። እግር እንደመቀየር ቀላል ስላልሆነ እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሦስቱም በይፋ የሚጭኑት ሲስተም እስከ ሃይ ሲየራ ነው። ታዲያ ምን ለያቸው ካላችሁ፣ ፕሮሰሰሩ ነው። የኔ ኮር 2 ዱዎ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ የ2011ዱ አይ5 ግን አራት አለው። አንድ ሠርግ ኤክስፖርት ያደረገ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ራም ግን አያስጨንቃችሁ፤ ከስክሪኑ ሥር ሦስት ብሎን ፈትታችሁ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ።

27 ኢንች 2011 ከሆነ ቪዲዮ ካርዱን ፈትኑ። 6970ኤም ካርድ ያላቸውን አፕል ራሱ በነፃ ሲቀይር ነበር፣ ያ ጊዜ ግን አልፏል። ስክሪኑ ላይ መስመር ካያችሁ ጥላችሁ ውጡ። ገና ሲበራ ፋኑ ማጓራት ከጀመረ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ በሌላ ተቀይሮ የሙቀት ሴንሰሩ ሳይገናኝ ቀርቶ ይሆናል። በሶፍትዌር ዝም ይላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ነጭ ገጽ ክፈቱና ስክሪኑን እዩ። ሐይቁ ዳር የከረመ ማሽን ከሆነ መስታወቱ ውስጥ ደርቃ የተጣበቀች ትንኝ አታጡም። መስታወቱ የተያዘው በማግኔት ስለሆነ በመምጠጫ ጎማ ተነስቶ ይጠረጋል። ጥግ ላይ ጭስ የመሰለ ጥላ ካለ ግን አቧራው ከፓነሉ ኋላ ነው፤ እሱን እኔም ሞክሬ አልወጣልኝም።