ሬቲኖይድ ክሬም ለፊት መጨማደድ፦ በአዳማ ፀሐይ ሥር እንዴት ይጀመራል?

ሬቲኖይድ ለመቀባት ያሰበ የአዳማ ነዋሪ በመጀመሪያ የሚገዛው ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ሰንስክሪን መቀባት ከቻሉ ለሬቲኖይዱ ዝግጁ ነዎት። በአምስተኛው ቀን ሰልችቶዎት ከተውት ግን ገንዘብዎን አያባክኑ። ክሬሙ ማታ የጠገነውን ፀሐይዋ ቀን ታፈርሰዋለች፤ ይባስ ብሎ ቆዳው ክሬሙን መልመድ ሲጀምር ከቀድሞው ይበልጥ ለፀሐይ ስስ ይሆናል።

ከዕድሜ ቀጥሎ ፊትን የምታስረጀው ፀሐይ ናት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከምድር ወገብም ብዙ ያልራቀች ከተማ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሰው የሚያማርረው ሙቀቱን ነው፤ ቆዳን በዋናነት የሚያስረጀው ግን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እሱ ደግሞ በደመናማ ቀንም ይወርዳል፣ በባጃጅ ክፍት ጎንም ይገባል፤ ከፊሉም የመኪና መስታወት አልፎ ይደርሳል።

ምን ይለወጣል፣ ምን አይለወጥም?

ሬቲኖይዶች የቫይታሚን ኤ ዘመዶች ናቸው። ቆዳ ውስጥ ሲሠሩ የላይኛው ሽፋን ቶሎ እንዲታደስ ያደርጋሉ፤ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በብዛት እንዲመረት ያግዛሉ፤ ኮላጅኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችንም ይቀንሳሉ። ከእነሱ ዋነኛው ትሬቲኖይን በአሜሪካ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ለብጉር ሕክምና ነበር። በፀሐይ የተጎዳ ቆዳን እንደሚያሻሽል የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማንና ባልደረቦቻቸው በ1986 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

ክሬሙ ለእርስዎ ይጠቅም እንደሆነ ለማየት ፊትዎን ዘና አድርገው መስኮት አጠገብ መስታወት ይመልከቱ። በዓይን ጎንና በጉንጭ ላይ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ የቆዳ መሻከርና ፀሐይ ያመጣው ጠቃጠቆ ይሻሻላሉ። ግንባር ሲቋጠር ብቻ ብቅ የሚል መስመር የጡንቻ ሥራ ስለሆነ ክሬም ብዙ አይለውጠውም። ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር የሚወርደው ጥልቅ እጥፋትና አገጭ ሥር የላላ ቆዳም በክሬም አይመለሱም። የሚመለስ መስሎዎት ከገዙ በሦስተኛው ወር ተበሳጭተው ይጥሉታል።

የትኛውን ይግዙ?

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚገኙት የተለመደው ሬቲኖል ነው። ቆዳው ራሱ በሁለት ደረጃ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ስለሚለውጠው ሥራው ይዘገያል፣ ቆዳን ማስቆጣቱም ይቀንሳል። ለጀማሪ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ይበቃል። ማሸጊያው ላይ «ሬቲኒል ፓልሚቴት» የሚል ብቻ ካለ በጣም ደካማው ዓይነት ነው። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ለብጉር የተሠራ ጄል ሲሆን ከትሬቲኖይን ይለዝባል፤ ብጉርም መስመርም ላለበት ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ትሬቲኖይን ሬቲኖይክ አሲዱ ራሱ ነው፤ 0.025፣ 0.05 እና 0.1 በመቶ እየሆነ ይሸጣል፣ ለመጨማደድም ብዙ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። የሐኪም መድኃኒት ስለሆነ በሐኪም ትእዛዝ ይጀምሩት፤ 0.025ቱን ይምረጡ። ጄሉ ብዙ ጊዜ አልኮል ስላለበት ያደርቃል፣ ስለዚህ ክሬሙ ይሻላል።

ከፍ ያለ ቁጥር ቶሎ ይሠራል የሚለው ሐሳብ ብዙ ፊት አበላሽቷል። 0.025 እና 0.1 በመቶ ትሬቲኖይን ለ48 ሳምንት ሲነጻጸሩ የታየው መሻሻል ተቀራራቢ ነበር፤ የቆዳ መቆጣቱ ግን በ0.1 እጅግ በለጠ። ለጥቁርና ለጠይም ቆዳ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የተቆጣ ጠይም ቆዳ ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ይድናል፤ ያ ምልክት ደግሞ ለወራት ይቆያል። መስመር ለማጥፋት ገብቶ ጠባሳ ይዞ መውጣት ማለት ነው።

ሌላው ወጥመድ «ፊት የሚያጠራ» ወይም «የማድያት» እየተባለ የሚሸጠው ቅልቅል ክሬም ነው። ካርቶኑ ላይ ትሬቲኖይን የሚል ስም ይኖራል፤ ከጎኑ ግን ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖንና ሞሜታሶን ወይም ፍሉኦሲኖሎን የሚባል ስቴሮይድ ይኖራል። እንዲህ ያለው ቅልቅል ማድያት ላለበት ሰው ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዘው እንጂ ለመጨማደድ በየማታው የሚቀባ አይደለም። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የተባሉ ስቴሮይዶች ያለባቸውም ቱቦዎች ፊት ላይ ሲቀቡ ይታያሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስቴሮይዱ ቁጣውን ስለሚያጠፋ ፊት ያበራል፣ ሰውም ያደንቃል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት እሳት ይሆናል። የሳሳ ቆዳ ቶሎ ይጨማደዳል፤ የገዙት የሚሸሹትን ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ለወራት ሲቀቡ ከቆዩ በአንድ ቀን ከማቋረጥ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

ስለዚህ ከፋርማሲ ይግዙ፣ የተቀላቀለውን በሙሉ ያንብቡ፣ ፋርማሲስቱን «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የቱቦው አፍ እንደታሸገ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ትሬቲኖይን ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታልና መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለውን በርካሽም ቢሆን አይውሰዱ።

እነዚህ ሰዎች አይቀቡት

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖይድ አትቀባ። በአፍ የሚወሰደው ኢሶትሬቲኖይን ፅንስን በእርግጥ የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቢሆንም ለመጨማደድ ተብሎ የሚደፈር ነገር አይደለም። የምታጠባ እናት ሐኪሟን ትጠይቅ። ኤክዜማ፣ ቁስል ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ፊት ያለው ሰው መጀመሪያ ያንን ይዳን።

የመጀመሪያው ማታ

ከዚህ በፊት ባሉት ሦስት ማታዎች ከጆሮ ሥር በመንጋጋ በኩል ጥቂት ቀብተው ይሞክሩ። ካላቃጠለ፦

1. ፊትዎን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ የፊት ማጠቢያ ይታጠቡ። የልብስ ሳሙናና የሚፈገፍግ ስክራብ አይሆኑም። የቀኑ አቧራ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ይለቃል።

2. በንጹሕ ፎጣ ተጭነው ያድርቁና 20 ደቂቃ ይጠብቁ። እርጥብ ቆዳ ክሬሙን አብዝቶ ስለሚስብ ያቃጥላል። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ብዙ ሰው የሚቃጠለውም እዚሁ ላይ ነው።

3. በዓይን ማዕዘን፣ በአፍንጫ ክንፍ እጥፋትና በከንፈር ዳር ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ክሬም የሚጠራቀመውና ቆዳ የሚሰነጠቀው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

4. አንድ ፍሬ አተር የሚያህል ክሬም ጣትዎ ላይ ያውጡ። ሽንብራ አይደለም፤ ባቄላማ ጨርሶ አይሆንም። በግንባር፣ በሁለቱ ጉንጮችና በአገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው ወደ ውጪ ያሰራጩ። መስመሩ ላይ ብቻ መለጠፍ አይረዳም። የዓይን ቆብ ላይ አይቅረብ።

5. ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬም ከላይ ይደርቡ። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ ማለስለሻውን ከሬቲኖይዱ በፊትም በኋላም ይቀቡ፤ ኃይሉ ትንሽ ይለዝባል፣ መልመዱ ግን ይቀላል።

6. እጅዎን ይታጠቡ።

ሳምንት በሳምንት

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። ሰላም ከሆነ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ማታ። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ አንድ ማታ እየዘለሉ። በየማታው መቀባት ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ማታ ላይ ቆሞ ለዓመታት የሚቀጥል ሰው፣ በየማታው ቀብቶ በየወሩ ከሚያቋርጠው ይበልጣል። ቆዳቸው በጣም ስስ የሆነ ሰዎች ደግሞ ቀብተው ከ30 ደቂቃ በኋላ በመታጠብ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ወቅቱም ይታሰብበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ንፋስ ቆዳን ያለ ክሬምም ይሰነጥቃል፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከአዳማ ዳር የተተከሉት እንዲያው አይደለም። ምርጫ ካለዎት አየሩ እርጥበት ባለው ክረምት ይጀምሩ።

ሲበላሽ

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ቀላል መላላጥና መድረቅ የተለመደ ነው። ብጉር የሚያበቅል ቆዳም መጀመሪያ ላይ ሊብስበት ይችላል። የተላጠውን በጥፍር አይንቀሉ።

በጠይም ፊት ላይ መቅላት በደንብ ስለማይታይ መስታወት ብቻ አይመኑ። ፊት ሲታጠቡ ውሃው ራሱ ከቆጠቆጠዎት፣ ቆዳው ተወጥሮ እንደ ላስቲክ ካብለጨለጨ፣ ቦታ ቦታ ላይ ከጠቆረ ወይም የለመዱት ማለስለሻ ካቃጠለዎት ገደቡ ታልፏል። ለአንድ ሳምንት ሬቲኖይዱን ያቁሙ፤ ማለስለሻና ቫዝሊን ብቻ ይጠቀሙ። ሲረጋጋ በሳምንት አንድ ማታ ይመለሱ። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም በሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚመጣው ከክሬሙ ጎን ከሚደረገው ነው። ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ይቅር፤ አሲዱ ያቃጥላል፣ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝም እስከ ማቁሰል ይደርሳል። ግላይኮሊክ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ነገር በሬቲኖይዱ ማታ አይቀባ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለው የብጉር መድኃኒት ትሬቲኖይንን ስለሚያበላሸው አንድ ላይ አይደረቡ። ቅንድብ ወይም ከንፈር በላይ በዋክስ ለማስነሳት ካሰቡ ከአንድ ሳምንት በፊት ክሬሙን ያቁሙ፤ አለዚያ ዋክሱ ከፀጉሩ ጋር ቆዳውንም ይዞ ይነሳል። ሠርግ ደርሶ የውበት ሳሎን ውስጥ የፊት ስቲም ቢጋበዙም ያው ነው፣ በዚያ ሳምንት ይለፍዎት። ፀጉርዎን ቅቤ በተቀቡበት ሌሊትም ሬቲኖይዱን ይዝለሉት፤ ቅቤው ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ክሬሙንም ይዞት ወደ ዓይን ይሄዳል።

የአንገት ቆዳ ከፊት ይልቅ ቶሎ ይቆጣል። ፊትዎ ከለመደ በኋላ ጣት ላይ የተረፈውን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ።

ጠዋት

ሰንስክሪኑ የመከላከያ መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሁለቱንም ዓይነት አልትራቫዮሌት (ኤ እና ቢ) የሚከላከል ይሁን። ከአመልካች ጣትና ከመሃል ጣት ሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር ያውጡ፤ ለፊትና ለአንገት የሚበቃው ይህ ነው። ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፤ ውጪ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙ። ፊት ላይ ነጭ ዱቄት የነሰነሰ የሚያስመስለው ዓይነት ካስቸገረዎት የቆዳ ቀለም ያለበትን ይምረጡ፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ከሆነ ማድያት ላለበት ሰው ተጨማሪ ጥቅም አለው። በቀን ሁለቴ በደንብ የሚቀባ ሰው 50 ሚሊ ሊትሩን በአንድ ወር ገደማ ይጨርሳል። ሦስት ወር ከቆየልዎት እየተቀቡ አይደለም፣ እያሸተቱት ነው።

«ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን ምን ያደርግለታል» የሚሉ አሉ። ሜላኒን ከመቃጠል በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል፤ ከማድያት፣ ከጥቁር ምልክትና ከመጨማደድ ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይጨምሩ። የእናቶች ጃንጥላ ከማንኛውም ውድ ክሬም ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

መቼ ይታያል?

በስድስት ሳምንት አካባቢ ቆዳው ሲዳሰስ ይለሰልሳል። መስመሮቹ ላይ ለውጥ ለማየት ቢያንስ ሦስት ወር፣ ሙሉ ውጤቱን ለመመዘን ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። በየወሩ አንድ ቀን፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ሳይስቁ ፎቶ ያንሱ፤ በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውም። ሲያቆሙት ጥቅሙ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ የተገኘውን ለማቆየት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ ይበቃል።

ቱቦውን ማስቀመጥ ላይ አዳማ ታስቸግራለች። አብዛኛው ትሬቲኖይን ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከዚያ እጅግ ይሞቃል። በካርቶኑ ውስጥ፣ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ አይተው። ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይጣል። አንድ አተር የሚያህለው ክሬም 0.3 ግራም ገደማ ነው፤ 20 ግራም ቱቦ በሳምንት ሦስት ማታ ለአምስት ወር ያህል ይበቃል። በወር ካለቀብዎት ጣትዎ ላይ የሚያወጡት ባቄላ ነው።