በማያውቁት ቋንቋ ምግብ ሲያዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሥጋ አልበላም» ብሎ ማቆም

የማይበሉት ወይም አለርጂ የሚያስነሳብዎት ምግብ ሲኖር በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ለብዙ ምግብ አብሳዮች ሥጋ ማለት ሳህን ላይ የሚታየው ቁራጭ ነው፤ መረቁ፣ ስቡና ሶሱ ከቁጥር አይገቡም። ታይላንድ ውስጥ የአትክልት ጥብስ በጨው ፋንታ ብዙ ጊዜ የዓሣ ሶስ ይገባበታል። የጃፓን ሚሶ ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዳሺ ሲሆን፣ ዳሺ ደግሞ በብዛት ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ተፈጭቶ የሚጠበሰው ቦሎቄ የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የማይበሉትን አንድ በአንድ ይጥቀሱ፦ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ከእነዚህ የወጣ መረቅ፣ ስብና ሶስ።

«ግሉተን» (በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የሚለውም ቃል ብቻውን አይበቃም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ዳቦ፣ ሾርባ ለማወፈር የሚገባ ዱቄት ብለው ይዘርዝሩ። ሶያ ሶስንም አይርሱ፤ የተለመደው ዓይነት በስንዴ ነው የሚሠራው።

በቃል ብቻ መናገር

ለአስተናጋጁ የነገሩት ወጥ ቤት እስኪደርስ ግማሹ ይጠፋል። በአገሩ ቋንቋና ፊደል የተጻፈ ካርድ ይያዙ፤ ከተቻለ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያርመው። የምግቡ ሥዕል ቢኖርበት ይበልጥ ጥሩ ነው። ጽሑፉ አጭር ይሁን፣ ለምሳሌ፦

«ኦቾሎኒ በጣም ያሳምመኛል፤ ጥቂትም ቢሆን ሕይወቴን አደጋ ላይ ይጥላል። ኦቾሎኒ፣ የኦቾሎኒ ዘይት፣ ኦቾሎኒ ያለበት ሶስ መብላት አልችልም። እባክዎ በንጹሕ መጥበሻ፣ ቢላዋና መክተፊያ ይሥሩልኝ። እርግጠኛ ካልሆኑ ይንገሩኝ፤ ሌላ ምግብ እመርጣለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዉ። እንግዳን ማሳፈር የከበደው አስተናጋጅ «አይቻልም» ለማለት በር የምትከፍትለት እሷ ናት። ካርዱ አብሳዩ ዘንድ እንዲደርስ ይጠይቁ፤ ሳይመለስ ሊቀር ስለሚችል ሁለት ሦስት ቅጂ ይኑርዎ።

በ«አዎ» የሚዘጋ ጥያቄ መጠየቅ

«ወተት የለበትም አይደል?» ሲባል የሚመጣው «አዎ» ምንም አያረጋግጥም። «አዎ፣ የለበትም» ይሁን «አዎ፣ አለበት» አይታወቅም፤ አንዳንዱም ጥያቄው ሳይገባው በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። ይልቁንስ «በምን ዘይት ነው የሚጠበሰው?»፣ «ሶሱ ውስጥ ምን ምን ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የምግብ ስም ካልሆነ ጥያቄው አልገባም ማለት ነው።

ስልኩን ያለ ማጣራት ማመን

የትርጉም መተግበሪያ በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አልበላም»ን «እበላለሁ» ሊያደርገው ይችላል። አንድ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የተተረጎመውን መልሰው ወደ አማርኛ ያስተርጉሙና ያመሳክሩ። ቋንቋውን ከጉዞ በፊት ስልክዎ ላይ ያውርዱት፣ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ሜኑን በካሜራ መተርጎም የምግቡን ስም እንጂ ውስጡ የገባውን አይነግርዎትም።

ለይቶ መብላት

አለርጂ ላለበት ሰው ከላይ የተነሰነሰውን ኦቾሎኒ ለቅሞ ማውጣት አያድንም፤ ቅሪቱ ሶሱ ውስጥ አለ። ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ድንችም ያው ነው፤ ዘይቱ ስለ ጋለ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን አይጠፋም።

ላክቶስንና የወተት አለርጂን ማምታታት

ላክቶስ (በወተት ውስጥ ያለው ስኳር) የማይስማማው ሰው ሆዱን ይነፋዋል፣ ያስቀምጠዋል። የወተት አለርጂ ግን ከወተት ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ላክቶስ የሌለው ወተትም አደገኛ ነው። የትኛው እንዳለብዎት በካርዱ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

የምግብ ሕጉ ሁሉ ቦታ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምግብ ቤቶችም 14 ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሾች በምግባቸው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ነጭ ሽንኩርት ግን ከ14ቱ ውስጥ የለም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ግዴታው የታሸገ ምግብን እንጂ ሬስቶራንትን አይመለከትም። ሜኑ ላይ ቁጥር ወይም ፊደል ካዩ መፍቻውን እዚያው ያንብቡ፤ ከቤት ቤት ይለያያል።

ወጥ ቤቱ በተጨናነቀበት ሰዓት መግባት

ምሳና እራት ከመድመቁ በፊት ይሂዱ። አብሳዩ ካርዱን አንብቦ መጥበሻ ለመቀየር ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው።

መድኃኒቱን ሆቴል መተው

ሐኪም አድሬናሊን መርፌ (ለከባድ አለርጂ በአስቸኳይ የሚወጋ መድኃኒት) ያዘዘልዎት ከሆነ የታዘዘልዎትን ሁሉ ይዘው ይቀመጡ፤ የት እንዳለና በጭን የውጭ ጎን እንደሚወጋም አብሮዎት የሚበላው ሰው ይወቅ። መርፌውን ከተወጉ በኋላ ቢሻልዎትም አምቡላንስ ይጠራ፤ ምልክቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የድንገተኛ ጥሪው ቁጥር 112 ነው።