ትልቅ ውሻን በጅማ ዝናብና ብርድ እንዴት ውጭ እናሳድር?

ጅማ ላይ ውሃ በሌሊት በረዶ ሆኖ አያድርም። ለዚህም ይመስላል ትልቅ ውሻ ብርድ ይጎዳዋል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ጥቂት የሆነው፤ «ጸጉር አለው፣ ይችለዋል» ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፣ ደረቅ ጸጉር ያለው ጤነኛ ትልቅ ውሻ የኛን ብርድ ይችላል። የማይችለው እርጥበቱን ነው። የውሻ ጸጉር የሚያሞቀው በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ሲርስ ግን አየሩ ይወጣና ብርዱ ቀጥታ ቆዳው ላይ ያርፋል። ከተማችን ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከህዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው ውሻው ደረቅ ሆኖ እንዲያድር በማድረግ ላይ ነው።

1. ውሻዎ ውጭ ማደር ይችል እንደሆነ ይወስኑ

ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ፣ ያረጀ፣ የታመመ ወይም የከሳ ውሻ፣ እንዲሁም የምታጠባ ውሻ በዝናቡና በብርዱ ወራት ውጭ አይደሩ። ሰርቪስ ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ወይም የተከለለ በረንዳ ይበቃቸዋል።

ጸጉሩንም ይመልከቱ። ጀርመን ሸፐርድ ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጸጉር ስላለው ብርድ ይቋቋማል። ቦክሰር፣ ዶበርማንና ጸጉራቸው አጭር የሆነ የሀገራችን ውሾች ግን ትልቅ ቢሆኑም ቶሎ ይበርዳቸዋል። ቤት ውስጥ ያደገን ውሻ በሐምሌ ድንገት ወደ ውጭ ማውጣት ጭካኔ ነው፤ አየሩ ገና ለስላሳ ሳለ በሚያዝያ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ያለማምዱት።

2. ቦታውን በዝናብ ቀን ይምረጡ

ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይያዙና ግቢዎን ይዙሩ። የትኛው ግድግዳ በነፋስ በሚገፋ ዝናብ ይመታል? ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ በየት በኩል ያልፋል? ውሃ የት ይተኛል? የውሻው ቤት በር ዝናቡ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ደግሞ እሰየው። ቤትዎ በአዌቱ ወንዝ ዳር ባለ ዝቅተኛ ሰፈር ከሆነ፣ ቤቱን ከመትከልዎ በፊት መሬቱን በድንጋይና በጠጠር ከፍ ያድርጉት። ወደ ጅሬን ከፍ ላሉት ግን ከውሃው ይልቅ ነፋሱ ያስቸግራል፤ ከአጥር ግንብ ሥር ማስጠጋት ይረዳቸዋል።

አንድ ነገር አይርሱ፦ ጠባቂ ውሻ የግቢውን በር ማየት ካልቻለ ያማረ ቤት ቢሠራለትም አይገባበትም። ዝናብ እየመታውም ቢሆን ወጥቶ በሩ አጠገብ ይተኛል።

3. ቤቱን በልኩ ያሠሩ

በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ትልቅ ነው ተብሎ የዕቃ ቤት የሚያህል ክፍል ይሠራለታል። ያን ቤት የሚያሞቀው ግን የውሻው ገላ ብቻ ነው፤ ቤቱ ከሰፋ ሙቀቱ ተበትኖ ይቀራል። ውሻው ገብቶ መዞርና ተጠቅልሎ መተኛት ከቻለ ይበቃዋል።

ቆሞ ሳለ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ፣ ከዚያም ከመሬት እስከ ትከሻው ይለኩት። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ትከሻው 65 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ውሻ የቤቱ ውስጥ ርዝመት 120፣ ወርዱ 80፣ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የበሩ ቁመት ከትከሻው ዝቅ ይበል፤ ለዚህ ውሻ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል በቂ ነው። ጎንበስ ብሎ ይገባል። በሩን ከፊት ለፊት መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጥግ ያስወጡት፤ ውሻው በሌላኛው ጥግ ከግድግዳው ጀርባ ሲተኛ ነፋሱ አያገኘውም። በሩ ላይ ወፍራም ሸራ ወይም አሮጌ የመኪና ምንጣፍ ይንጠልጠል።

ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ፓሌት ወይም አራት ብሎኬት ይሠራል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚተኛ ከባድ ውሻ ከብርዱ በተጨማሪ ክርኑ ይላጣል፣ ያብጣል። ለግድግዳው ጣውላ ይሻላል፤ ጅማ አናጺ የሞላባት ከተማ ስለሆነች ቁርጥራጭ ጣውላ ለማግኘት አይቸገሩም። ቺፑድ ግን በአንድ ክረምት አብጦ ይፈርሳል። ቆርቆሮ ብቻውን ግድግዳ አይሁን፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ የውሻውም ትንፋሽ ተጠራቅሞበት ያንጠባጥባል። የብረት በርሜልም እንደዚያው ነው። ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ከሥሩ ጣውላ ይለበጥበት፣ ዝናቡ ሲወርድበት ጩኸቱም ይቀንሳል። ወደ ኋላ ያዘንብል፣ በበሩ በኩልም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ለማጽዳት እንዲነሳ አድርገው ያሠሩት። ከጣሪያው ሥር ጠባብ የአየር መውጫ ይተዉ፤ ድፍን ያለ ቤት ይታፈናል፣ ይሻግታል።

ጣውላውን ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ልማድ አለ። ለውሻ ቤት አይቀቡ። ውሻው ይልሰዋል፣ ቆዳውም ይቆጣል። የቤቱን እግሮች ብሎኬት ላይ ካሳረፉ ምስጥ ሲወጣ ቶሎ ይታያል።

4. መኝታው ጭድ ይሁን፣ የቡና ገለባ ግን በፍጹም

ብርድ ልብስና አሮጌ ፍራሽ እርጥበት ይይዛሉ፤ ውሻው እርጥብ ሆኖ አንዴ ከተኛባቸው በክረምት ቶሎ አይደርቁም። ደረቅ ጭድ ግን አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፣ ውሻውም በእግሩ እየቆፈረ ጎድጓዳ መኝታውን ራሱ ያበጃል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ጠዋት ጠዋት እጅዎን ከጭዱ ሥር ያስገቡ፤ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ዕለቱን ይቀየር። በክረምት ቢያንስ በሳምንት አንዴ መቀየሩ ግድ ነው።

ጅማ ላይ የቡና ገለባ ከቡና መፈልፈያው በቀላሉ ይገኛል፣ ደረቅና ለስላሳም ስለሆነ ለመኝታ የሚመች ይመስላል። ገለባው ግን ካፌይን አለው፤ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ውሻ ተኝቶበት ዝም አይልም፣ ያኝከዋል። ከበላው በኋላ መቅበጥበጥ፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ ካዩ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ለማዳበሪያ የተከመረ ገለባና የቡና አተላም ቢሆን ውሻው በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ይህን ለሠራተኛውም ለዘበኛውም መንገር የእርስዎ ፋንታ ነው፤ ብዙ ጊዜ መኝታውን የሚያነጥፉት እነሱ ናቸው።

መኝታውን ሲቀይሩ መዥገርና ቁንጫ ይፈልጉ፤ በበጋ ደግሞ በእግሩ ጣቶች መካከል ሙጃሌ ይፈትሹ።

5. በብርድ ወራት ምግቡን ይጨምሩለት

ብርድን የሚቋቋመው በሚበላው ነው። ውጭ የሚያድር ውሻ በብርዱ ወራት ከለመደው እስከ ሩብ ያህል ተጨማሪ ሊያስፈልገው ይችላል። ጎኑን ይዳስሱት፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ ይገኝ እንጂ ከሩቅ አይቆጠር።

ከቤተሰቡ ማዕድ የሚተርፈው ምግብ ላይ ግን ትልቅ ችግር አለ። ወጣችን በሙሉ ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ጾም በሚጾምበት ቤት ይህ ይብሳል፦ ፍልሰታ በነሐሴ፣ የገና ጾም ከህዳር አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ሁለቱም ውሻው ስብና ሥጋ አብዝቶ በሚፈልግበት ጊዜ ላይ ይውላሉ፣ ከቤት የሚወጣው ግን ሽሮ ብቻ ነው። ለእሱ ለብቻው የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ያዘጋጁለት። ሳንባና ጉበት ከሥጋ ቤት ሲያመጡ በደንብ ይቀቅሉት፤ በጥሬው ከተሰጠ ከውሻው ወደ ሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዓይነት ሊይዘው ይችላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሁሉንም ምግብ በአንዴ አይስጡ፤ ደረተ ሰፊ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝበት ስለሚችል ጠዋትና ማታ ይከፈል፣ የማታው በዛ ይበል። ንጹህ ውሃ ሁልጊዜ ይኑረው፤ የዝናብ ኩሬ ውስጥ የአይጥ ሽንት ሊኖር ስለሚችል ከዚያ አይጠጣ።

6. ቀን በቀን

ታስሮ የሚውል ከሆነ ሰንሰለቱ ቤቱ ውስጥ እስከ ጥጉ ድረስ ማስገባቱን ያረጋግጡ። ዝናብ ሲመጣ መጠለያው ፊት ለፊቱ እያለ ሰንሰለት አጥሮት የሚበሰብስ ውሻ ማየት ያሳዝናል። ከራሰ በጆንያ ወይም በአሮጌ ፎጣ ሆዱንና እግሩን ያድርቁለት። ማጠብ ካስፈለገ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ይሁን፤ ማታ ሳይደርቅ አይደር።

የከሰል ምድጃ ቤቱ ውስጥ ወይም በሩ ላይ አያስቀምጡ። ጢሱ ይገድላል፣ ጭዱም ይቀጣጠላል። በጣም ከበረደ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ይጠቅልሉና ጭዱ ውስጥ ይቅበሩት፤ ጠርሙስ የሚያኝክ ውሻ ከሆነ ግን ይተዉት።

7. ብርድ ሲመታው

ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ዘበኛው «ጋሼ፣ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ» ካለዎት ቀላል አድርገው አይዩት። ከመንቀጥቀጥ አልፎ ከተዝለፈለፈ፣ ድዱ ከነጣ፣ ሲጠሩት ካልተነሳ የባሰ ነው፤ መንቀጥቀጡ ቆሞ ደካማ መሆኑ ተሻለው ማለት አይደለም። ወደ ቤት ያስገቡት፣ በደረቅ ፎጣ ያድርቁት፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ደረቱና ሆዱ አጠገብ ያድርጉለት። እሳት ዳር አያስተኙት፣ አረቄም አያጠጡት። ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ አስቀድመው ይያዙት፤ ሌሊት ከውሻው ጋር የሚያድረው ዘበኛው ስለሆነ እሱም ይኑረው።