አሮጌ ፎቅ አፍርሶ ርካሽ ቤት መሥራት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያየኋቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ "የሚከራይ ቤት አለ" ከተባለ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይያዛል። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2011 ጀምሮ ሠራተኛ ይስባል፤ ተፈናቅሎ የመጣውም ሰው እዚሁ ነው። ስለዚህ መሀል ከተማ ያሉት አሮጌ ፎቆች ዓይን ውስጥ ገብተዋል። ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ፣ ልስናቸው የረገፈ፣ አንዳንዶቹ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሰው የቀበሌ የሆኑ። ይፍረሱና ብዙ ሰው የሚይዝ ርካሽ ቤት ይተካ ይባላል። እኔም አልቃወምም። ግን ሳይት ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ቤቱ ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ገና ሲሚንቶ ሳይራገፍ ነው።

ስንጥቅ አይቶ መፍረድ

አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። ለማየት የመጡት ሰዎች ማዕዘኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አዩ፤ "ለኑሮ አስጊ" ብለው ጽፈው ሄዱ። ከአንድ ግንበኛ ወዳጄ ጋር ሆነን በኅዳር ወር ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ጂፕሰም ለጠፍን። ቀኑን በእርሳስ ጻፍንበት። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጂፕሰሙ ይሰነጠቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቀመጣል። ከዚህ የረከሰ ምርመራ የለም።

እስከ ግንቦት ምንም የለም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የታችኛው ጂፕሰም ለሁለት ተከፈለ። ቀና ብለን ስናይ ልክ ከማዕዘኑ በላይ ያለው አሸንዳ ወድቋል። የጣራው ውሃ በሙሉ መሠረቱ እግር ላይ ይወርዳል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዞን ያለችውን የእነዋሪን ገበሬ ብትጠይቁት ከመሐንዲስ በላይ ይነግራችኋል፤ በበጋ ማሳው እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቤቱ የታመመው ከአሸንዳው ነበር። አሸንዳ መትከል፣ ዙሪያውን የውሃ ቦይ ማውጣት፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ያህል በሲሚንቶ መድፈን። ለዚህ ቤት አይፈርስም።

መፍረስ ያለበትማ አለ። ከሶሌታው (ከፎቁ የወለል አርማታ) ሥር አርማታው እየተፈረፈረ የዛገ ፌሮ ከታየ፣ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከአርማታው ናሙና ቆርጦ ላብራቶሪ ማስገባት ነው። ውጤቱ ክፉ ከሆነ ይፍረስ። መጀመሪያ ግን ይመርመር።

በር ቆጥሮ ነዋሪ ቆጠርኩ ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ፋይሉ ስምንት ተከራይ ይላል። በሩም ስምንት ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄደን ምድጃ ስንቆጥር ግን አሥራ አራት ሆነ። ጓሮ በቆርቆሮ በተቀጠለች ክፍል ሁለት የፋብሪካ ልጆች አሉ። ደረጃው ሥር አንዲት እናት ከነልጇ። የቀሩት ደባሎች ናቸው፤ መዝገብ ላይ የሉም፣ ኪራይ ግን በየወሩ ይከፍላሉ። ለስምንት ታስቦ የሚሠራ ሕንፃ ስድስት ቤተሰብ መንገድ ላይ ያወጣል። እነሱም ሄደው ሌላ አሮጌ ቤት ላይ ይደበላሉ።

ስለዚህ በሥራ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ማታ ቁጠሩ። የእድሩን ጸሐፊም ጠይቁ። ማን የት እንደሚያድር ከቀበሌው ፋይል ይልቅ የእድሩ ደብተር ያውቃል።

ሰው ከተቆጠረ በኋላ ደግሞ ሥራው ይቆጠር። እዚያው ግቢ አረቄ የሚያወጡ እማማ አሉ። ብቅላቸው ግቢው ላይ ይሰጣል፣ እንጨታቸው አጥሩ ጥግ ይከመራል። አዲሱን ፕላን ሳሳያቸው ብዙ አላዩትም። "ልጄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋኑን ማን ይሸከምልኛል?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ለእሳቸው ቤቱ መተዳደሪያም ነው። ምድር ቤት ላይ ጭስ የሚወጣበት የጋራ ማብሰያና ማስጫ ቦታ ካልተሠራላቸው፣ የሚሰጣቸውን ቤት አከራይተው ዳር ወጥተው ሌላ ግቢ ይፈልጋሉ።

ዋጋውን መጨረሻ ላይ ማውጣት

የአዲስ አበባው ኮንዶሚኒየም ብዙ አስተምሮናል። ሃያ ሰማንያ ሲባል 20 በመቶው በቅድሚያ ይከፈላል። ዕጣ ደርሷቸው ያን መክፈል ያቃታቸው አሉ። ከፍለውም የወር ክፍያው ስለከበዳቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ዳር የተከራዩ አሉ። መጀመር ያለበት ከነዋሪው ኪስ ነው፤ በወር ስንት ይችላል? ከዚያ ወደኋላ ተሂዶ የክፍሉ ስፋት ይወሰን። ስፋት ሲሰላም ከጠቅላላው ወለል 15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ደረጃና ኮሪደር እንደሚበላው አትርሱ። የዚያ ዋጋም ቤቶቹ ላይ ነው የሚከፋፈለው።

የአዲስ አበባን ፕላን ገልብጦ ማምጣት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚያ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መስኮቱ በሰሜን በኩል ብቻ የሆነ ክፍል በብርዱ ወራት ፍሪጅ ነው። ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ነፋስ ነው። አንድ ዞን ውስጥ ሆነው አንድ ፕላን አይበቃቸውም።

ምጣዱም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት 20 ቤት አንድ ላይ ቢጋግር 70 ኪሎዋት ሆነ። ትራንስፎርመሩ በአምፖልና በቴሌቪዥን ልክ ከተሰላ ጋጋሪዋ ሊጥ ይዛ ትቀመጣለች።

ምድር ቤቱን ለሱቅ ባዶ ማድረግ

ሱቁ ገቢ ስላለው ደስ ይላል። ነገር ግን ከላይ ግድግዳ በግድግዳ ሆኖ ከታች በቀጫጭን ኮለኖች ላይ ብቻ የቆመ ሕንፃ መሬት ሲነቃነቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። የእኛ ዞን ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በ1953 በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟታል። በ2017ም ከፈንታሌ በኩል ሲንቀጠቀጥ ስንቶቻችን ከአልጋ ዘለን ወረድን። ሱቅ ይኑር፤ የኮለኑን ውፍረትና የፌሮውን ብዛት ግን መሐንዲሱ ያስላ። ባለሱቁ "ይቺ ግድግዳ ትነሳልኝ" ሲልም እሺ አይባል።

ገንዘብ ሳይሞላ ማፍረስ

ቀላል ይመስላል፣ ግን በየከተማው አለ። ሰው ይነሳል፣ ቤት ይፈርሳል፣ መሠረት ይቆፈራል፣ ከዚያ የፌሮ ዋጋ ይጨምራል። ጉድጓዱ ክረምቱን ውሃ ይዞ ይከርማል፣ ተነሺው ደግሞ ኪራይ ይከፍላል። ግቢው ሰፋ ካለ ግማሹን ብቻ አፍርሱ። አዲሱ ሲያልቅ ነዋሪውን አስገቡበት፤ ሌላውን ግማሽ ከዚያ በኋላ ንኩ። ልጆቹም ከትምህርት ቤታቸው አይርቁም።

ቁልፍ አስረክቦ መሄድ

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸው ያደርጋል። ወረቀት ላይ አለ። ጣራውን፣ ደረጃውን፣ ሮቶውን የሚጠግነው ግን መዋጮው ነው። ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሰበስበው ሰው ከመግባቱ በፊት ካልተወሰነ፣ የአምስተኛው ፎቅ ሰው ጣራ ሲያፈስበት የምድር ቤቱ ሰው "እኔን ምን አገባኝ" ይላል። በቀደም በአንድ ገና አዲስ በሚባል ኮንዶሚኒየም ሳልፍ አሸንዳው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ውሃው ማዕዘኑ ላይ ይወርዳል። ኅዳር ላይ ጂፕሰም ይዤ እመለሳለሁ።